ቶም ኒል እና ሎረንስ ቲየርኒ፦ ሁለት የፊልም ኑዋር ተዋንያን

ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1945 በአነስተኛ በጀት በተሠሩ የፊልም ኑዋር (ጨለምተኛ መንፈስ ያላቸው የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች) ሥራዎች ታወቁ፤ ኒል በ«ዲቱር» መከራ የሚያሳድደውን ፒያኖ ተጫዋች፣ ቲየርኒ ደግሞ በ«ዲሊንጀር» ዝነኛውን የባንክ ዘራፊ ሆነው ተውነዋል። ሁለቱንም ከስቱዲዮ ያራቃቸው ጠበኝነታቸው ነው። ይሁንና ቲየርኒ በስካርና በድብድብ ደጋግሞ ሲታሰር፣ ቀድሞ ቦክሰኛ የነበረውን ኒልን የጣለው አንድ ሌሊት ነበር፤ በ1951 በተዋናይት ባርባራ ፔይተን ምክንያት ተዋናዩን ፍራንቾት ቶንን ክፉኛ ደብድቦ ሆስፒታል ካስገባው በኋላ የሆሊውድ በር ተዘጋበትና በፓልም ስፕሪንግስ አትክልተኛ ሆነ። በ1965 ሚስቱ በጥይት ስትገደል፣ ሳያስብ በፈጸመው ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት ታሰረ፤ ከእስር በወጣ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1972፣ አረፈ።

ቲየርኒ በኒው ዮርክ የፈረስ ጋሪ እስከ መንዳት ቢደርስም ዕድሜ አግኝቶ በ1992 በ«ሪዘርቯር ዶግስ» የዘራፊዎች አለቃ ሆኖ ተመለሰ። የሚያስፈራ ግርማው ልዩ ነው። እኔ ግን የማስቀድመው ኒልን ነው፤ ምክንያቱም ቲየርኒ ከፊቱ የቆመውን ሰው ሲያስፈራ፣ ኒል ራሱ ፈሪ የሆነ፣ ለጥፋቱም ሰበብ የሚደረድር ደካማ ሰው ሆኖ መታየትን አልሸሸም፤ ይህም እጅግ ከባድ ትወና ነው።