መንገድ ዳር የገዛሁት የበለስ ቁራጭ (አዳማ)

ለመትከል የሚሆን የቅርንጫፍ ቁራጭ ነው፤ ከቤቴ ብዙም የማይርቅ ችግኝ ሻጭ ጋ ነው የገዛሁት። ባለ ሰፊ ቅጠሉን በለስ ማለቴ ነው፣ ቁልቋሉን አይደለም።

ቁራጮቹ አሪፍ ናቸው። የእርሳስ ውፍረት፣ ወደ 20 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ ዓይናቸው (ቅጠል የሚወጣበት እብጠት) ገና ያልፈነዳ። ለምለም ጫፍ ቆርጦ አይሸጥም፤ እሱ ቶሎ ይበሰብሳል። ነጩ ወተትም ደርቆ ነው የሚያስረክበው። ወተቱ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል።

አብሮ የሚሸጠው አፈር ግን አልተመቸኝም። ፍግ የበዛበት፣ ውሃ የሚያቁር ነው። ላደገ ችግኝ ይሁን፣ ሥር ላላወጣ እንጨት ግን መበስበሻ ነው። እኔ ለግንባታ ከሚራገፈው ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ደቃቁን ነፍቼ ከአሸዋ ጋር ቀላቀልኩ። ሃይላንድ ቆርጬ ታቹን በሳሳሁና ሞላሁት። ቢያንስ ሁለት ዓይን ከታች ይቀበር፣ ጥላ ስር ይቀመጥ፣ ውሃው ይመጠን። ሥሩ በፕላስቲኩ በኩል ይታያል። ቅጠል ስላወጣ ብቻ አትቸኩሉ። እንጨቱ ውስጥ ባለው ስንቅ ብቻ ቅጠል አውጥቶ ሥር አልባ ሊሆን ይችላል።

ሻጩ ሥር ማስወጫ ዱቄትም ይዞ «ጋሼ፣ ይሄን ዱቄት ካልነከሩት ሥር አያወጣም» አለኝ። በለስ ያለ ዱቄትም ሥር ያወጣል። አልገዛሁም፣ ወጣ።

ዋናው ቅሬታዬ ዝርያውን አለማወቁ ነው። አንዳንዱ በለስ ልዩ ተርቡ ካላዳቀለው ፍሬውን ሳያበስል ያረግፋል። ስለዚህ እናት ዛፏን አሳየኝ በሉት። የበሰለ ፍሬ ይዛ ካያችሁ ግዙ።