ያገለገለው ካኖን 6ዲ እና ነጻው ዳርክቴብል፦ ነጠላና ፊት በአንድ ፎቶ ላይ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈርሶ መንገዶቹ ሲሰፉ፣ ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት በስልኬ ያነሳኋቸውን የሰፈሩን የድሮ ቤቶች ፎቶዎች አሳትሜ በቤቴ ግድግዳ ላይ ልሰቅላቸው ፈለግሁ። በስልኩ ስክሪን ላይ ሲታዩ የሚያምሩት ፎቶዎች በትልቅ ወረቀት ሲታተሙ የእንጨት በረንዳዎቹ ጌጥ ተድበስብሶ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በጥላ ውስጥ የነበረው ሁሉ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ቤቶቹ ስለሌሉ ዳግመኛ ላነሳቸው አልችልም፤ ከስልክ ወደ ካሜራ ያሻገረኝም ያ ቁጭት ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው ያገለገለ ካኖን 6ዲ ካሜራንና ዳርክቴብል የተባለውን በነጻ የሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ከአንድ ዓመት በላይ ከተጠቀምኩባቸው በኋላ የደረስኩበትን ግምገማ ነው። እንጀራዬን የምበላው በፎቶ ሳይሆን በመሥሪያ ቤት ሥራ ስለሆነ፣ ሚዛኔ የአማተር ሚዛን መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ሁለቱንም የፈተንኳቸው በአንድ ሥራ ላይ ነው። በየእሑዱ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያና ከዚያ እስከ ምኒልክ ሐውልት ባለው አጭር መንገድ ላይ፣ ወደ ቅዳሴ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሰዎች እያስፈቀድኩ አነሳለሁ። ቦታውን የመረጥኩት ለብርሃኑ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን በመሆኑ ፀሐይ ስትወጣ አንዱ ግድግዳ ሲደምቅ ቀጣዩ በከፊል ብቻ ይበራል፣ ከዚያ ያለው ደግሞ በጥላ ውስጥ ይቆያል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይዋ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ ለስላሳው የጠዋት ብርሃን ብዙም ሳይቆይ ይከራል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መገኘቷም ጥላውን ይበልጥ ያጠቁረዋል። በዚህ ላይ ምእመናኑ ሁሉ ነጭ ለብሰዋል። ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት፣ ጠንካራ ፀሐይ፤ ለማንኛውም ካሜራ ከዚህ የከበደ ፈተና በከተማው መሀል ማግኘት ያስቸግራል።

ካኖን 6ዲ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሲሆን ዛሬ እንደ አሮጌ ይቆጠራል። እኔን የሳበኝ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል) የቀድሞውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚያክል ፉል ፍሬም መሆኑና 20.2 ሜጋፒክስል ማንሳቱ ነው። ምስሉ 5472 በ3648 ፒክስል ይሆናል፤ ይህም በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 46 በ31 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ወረቀት ይሞላል። ለቤት ግድግዳም ሆነ ለአነስተኛ ኤግዚቢሽን ከዚህ የበለጠ አላስፈለገኝም። ባትሪውን ጨምሮ 770 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ትንሹን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ (1.8 የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ገጥሜበት ለሦስት ሰዓት ያህል በአንገቴ አንጠልጥዬው ስውል አይከብደኝም።

አገዛዜን በተመለከተ የደረሰብኝን መናገር ለሌላ ገዢ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ካሜራውን የሸጠልኝ ሱቅ «ብዙም ያልተነሳበት ነው» ብሎ ከካሜራው ጋር አንድ ያገለገለ ዙም ሌንስ ጨምሮልኝ ነበር። ቤት ገብቼ የሌንሱን የኋላ ክዳን አውልቄ በስልኬ ባትሪ ሳበራበት፣ በመስታወቶቹ መካከል እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አየሁ። ሱቁ «ፎቶው ላይ አይታይም» ከማለት አልፎ ሊቀይርልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። በእርግጥ በጥላ ውስጥ ሲነሳ ብዙም አይታይም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ግን ፎቶው ጉም እንደ ለበሰ ይገረጣል። ስለሆነም የትኛውንም ሌንስ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በሁለቱም ጫፍ በኩል አብርቶ ማየት፣ ከካሜራውም ጋር ቀዳዳውን እስከ 16 አጥብቦ ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳትና በሴንሰሩ ላይ ያለውን አቧራ መቁጠር ያስፈልጋል። ስንት ጊዜ እንደተነሳበት የሚናገረው ቁጥር ደግሞ በፎቶው ፋይል ውስጥ አይገኝም፤ ካሜራውን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ በተለየ ፕሮግራም ማንበብ ግድ ይላል። የ6ዲ ሹተር (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) የተሠራው ለ100,000 ጊዜ ያህል እንዲያገለግል ነው፤ ሻጩ ላፕቶፕ ይዞ የመጣን ገዢ የሚያስከፋው ከሆነ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የማንኛውም ካሜራ የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ አማካይ ግራጫ አድርጎ ለማውጣት ይሞክራል። ነጠላ የለበሰች ሴት ፍሬሙን ስትሞላው መለኪያው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ቀድሞም ጠይም የነበረው ፊት ደግሞ ዓይኑ እንኳ እስከማይለይ ድረስ ይጨልማል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያነሳኋቸው ፎቶዎች በሙሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ነበሩ። መድኃኒቱ መለኪያው ካለው በላይ ብርሃን መጨመር ነው፤ እኔ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ እጨምራለሁ (አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። ይሁን እንጂ ከዚያ ካለፈ የነጠላው ድርና ማግ ጠፍቶ፣ ጥለቱ ብቻ በባዶ ነጭ ላይ እንደ ተሰመረ መስመር ይቀራል። 6ዲ ብርሃን በዝቶበት የተቃጠለውን ቦታ በስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም እያደረገ ስለሚያሳይ፣ ነጠላው ትከሻ ላይ ሲያልፍ የሚሠራው እጥፋት ብልጭ ማለቱን ካቆመበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። የምኒልክ ሐውልት ሲሆን ደግሞ ጠቆር ያለው ነሐስ ከብሩህ ሰማይ ፊት ስለሚቆም መለኪያው የሚታዘዘው ለሰማዩ ነው፤ ብርሃን ካልጨመሩለት ንጉሡም ፈረሱም ጥላ ብቻ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ የ6ዲ ትልቁ ድክመት ይታያል። በዝቅተኛ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን የሚነቃበት መጠን) ከብሩሁ እስከ ጨለማው መያዝ የሚችለው ወደ 12 ስቶፕ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የወጣው ኒኮን ዲ600 ከ14 ያልፋል። በጣም የጨለመ ጥላን ኋላ በኮምፒዩተር ላብራው ሲባል የካኖኑ ፎቶ ቀያይ ነጠብጣብ ያወጣል። ዛሬ እንደ አዲስ ልግዛ ብል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ዲ600ን ወይም ተከታዮቹን በብርቱ አስብባቸው ነበር። በአንጻሩ ብርሃን ሲያንስ 6ዲ ያኮራል፤ ፀሐይ ሳትወጣ በጧፍ ብርሃን ብቻ በአይኤስኦ 3200 ያነሳኋቸው ፊቶች ለስላሳና ንጹሕ ናቸው፤ መካከለኛው የፎከስ ነጥብም በዚያ ጨለማ ሳይደናገር ይይዛል። የቀሩት 10 ነጥቦች ደካሞች ከመሆናቸውም በላይ በፍሬሙ መሀል ተጠጋግተው የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ በመካከለኛው ነጥብ ዓይን ላይ ፎከስ አድርጎ ካሜራውን ማዞር ይለመዳል፤ ቀዳዳው 1.8 ላይ ክፍት ከሆነ ግን በዚያች ትንሽ ዙር ፎከሱ ከዓይን ወደ ጆሮ ይሸሻል። እኔ ወደ 2.8 እወርዳለሁ። በደማቅ ፀሐይ ለዚህ ሌላም ምክንያት አለ፦ የሹተሩ ከፍተኛ ፍጥነት 1/4000 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ በ1.8 እና በአይኤስኦ 100 ማንሳት ብርሃኑን ያበዛዋል።

አንድ እሑድ ካሜራው ጨርሶ አልነሳ አለኝ። ዓርብ ማታ ባትሪውን ሞልቼው ስለነበር ሙሉ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ጂፒኤሱ ክፍት ከሆነ ካሜራው ቢዘጋም መሥራቱን አያቆምም፣ ቅዳሜን ሙሉ ባትሪውን ሲበላው ውሏል። ገዢ ካሜራውን በተቀበለበት ቀን ጂፒኤሱን ይዝጋው። ዋይፋዩ ግን ልቤን ያሸነፈ ነገር ነው፤ ያነሳሁትን ፎቶ እዚያው ቆሜ ወደ ስልኬ አሻግሬ ለተነሳው ሰው በቴሌግራም ስልክለት፣ የፎቶ አንሺና የተነሺ ነገር ከመጠራጠር ወደ መተዋወቅ ይለወጣል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክለት መጠኑን ስለሚቀንሰው፣ ሊያሳትም ለሚፈልግ ሰው እንደ ፋይል አድርጎ መላክ ያስፈልጋል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ላይትሩም በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ነው። ከአገር ውስጥ የባንክ ሒሳብ ይህን መክፈል ለእንደኔ ዓይነቱ ደመወዝተኛ ቀላል አይደለም፤ በየኮምፒዩተር ሱቁ የሚጫነውን ክራክ (ሳይከፈልበት ተሰብሮ የተከፈተ ቅጂ) ደግሞ አንድ ጊዜ አስጭኜ ላፕቶፔ በቫይረስ ከተበላሸ ወዲህ እርም ብዬዋለሁ። የሌላውን ድካም ሳይከፍሉ መውሰድም ደስ አይለኝም፤ እኔም የራሴ ፎቶ ሳይጠየቅ ሲወሰድ አልወድም። ዳርክቴብል እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ በሊኑክስ፣ በማክና በዊንዶውስ የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ዋናውን ፋይል ፈጽሞ አይነካውም፤ የተደረገውን ማስተካከያ በሙሉ ከጎኑ በምትቀመጥ ትንሽ ፋይል ይመዘግባል። የላፕቶፔ ባትሪ ያረጀ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይዘጋል፤ አንድ ማታ በሥራ መሀል እንዲህ ሲሆን ደንግጬ ነበር፣ ነገር ግን መብራት ሲመጣ ከዚያ በፊት የጨረስኳቸው ፎቶዎች ሁሉ እንዳሉ አገኘኋቸው።

የዳርክቴብልን ጥቅም በእውነት የተረዳሁት በአንዲት እናት ምክንያት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጧፍ የሚሸጡ ናቸው። «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ስላቸው «አንሳኝ ልጄ፤ ግን እንደ ሌሎቹ ወስደህ እንዳትጠፋ» አሉኝ። በሳምንቱ በ20 በ30 አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ከዓይናቸው ራቅ፣ ወደ ፀሐይዋ ቀና አድርገው ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ነጠላዬስ አምሮበታል፤ እኔ ግን የለሁበትም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ነጠላው እንዳይቃጠል ስሳሳ ፊታቸውን በጥላ ውስጥ ትቼዋለሁ፤ ሌሊት ስሠራ የላፕቶፔን ስክሪን እስከ መጨረሻው አድምቄው ስለነበር ደግሞ ጨለማው ለእኔ አልታየኝም፤ ወረቀቱ ግን አሳየው።

ያን ማታ የስክሪኑን ድምቀት ከግማሽ በታች አድርጌ ከነጭ ወረቀት ጋር እያስተያየሁ እንደገና ጀመርኩ። ዳርክቴብል ውስጥ ቶን ኢኳላይዘር የሚባል ክፍል አለ፤ ፎቶውን ከጨለማው እስከ ብሩሁ በስቶፕ በስቶፕ ይከፋፍልና እያንዳንዱን ለብቻው ማንሳት ወይም መጣል ያስችላል። ጠቋሚውን ጉንጫቸው ላይ አድርጌ የመዳፊቱን ጎማ ወደ ላይ ሳዞር፣ ጉንጩ ያለበት እርከን ብቻ ቀስ እያለ ተነሣ፤ ከዓይናቸው ሥር ያሉት መስመሮች ወጡ፤ አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት እንኳ ታየ፤ ነጠላው ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሶፍትዌሩ ብሩህና ጨለማ የሚገናኙበትን ጠርዝ ለይቶ ስለሚጠብቅ በፊትና በነጠላ መካከል ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚያወጡት የብርሃን ቀለበት አልታየም። ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ በቃኝ። ማተሚያ ቤቱን ማሽኑ በራሱ እንዳያስተካክለው አስጠንቅቄ በዚያው መጠን አሳተምኩት። እማማ ሁለተኛውን ሲያዩ «እ፣ አሁን መጣሁ» ብለው በፌስታል ጠቅልለው ከጧፉ ሥር አስቀመጡት።

ዳርክቴብል እንከን የለውም ማለት አይደለም። ለጀማሪ ይከብዳል፤ አንድን ነገር የሚሠሩ ሦስትና አራት ክፍሎች ስላሉት የትኛውን እንደሚይዙ ለማወቅ እኔ ሁለት ወር ያህል ፈጅቶብኛል፤ እኔ የምጠቀምበትም በእንግሊዝኛ ነው። ፎቶው መጀመሪያ ሲከፈት ካሜራው ስክሪን ላይ ካሳየው ይልቅ የደበዘዘ ስለሚመስል ብዙዎች እዚያው ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። የእኔ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ራም ያለው፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ነው፤ ነጠብጣብ ማጥፊያውን ስከፍት በጣም ይዘገያል፣ አንዱን ፎቶ ጨርሶ ለማውጣትም እስከ አንድ ደቂቃ ይወስድበታል። የሠርግ ፎቶ በሺህ እያነሣ በሳምንት ማስረከብ ያለበት ባለሙያ በዚህ ሊሠራ አይችልም ባልልም፣ ይቸገራል። በእሑድ ከሚያነሳቸው መካከል አምስት ወይም ስድስት ፎቶ መርጦ በእያንዳንዱ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ካሜራውን ንጹሕ ሆኖ ካገኙት፣ ከሻጩ የሚመጣውን ዙም ትተው 50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ለብቻ ይግዙ። በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ባትሪና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይቅደም፤ የ6ዲ ጥሬ ፋይል (ካሜራው ራሱ ሳያስተካክለው የሚያስቀምጠው ምስል) አንዱ 25 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ በአንድ ዓመት እሑዶች ላፕቶፔ ሞልቷል። እኔም በዚህ ወር የምገዛው ሃርድ ዲስኩን ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ እየፈለግሁ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ አብርቼ ካየሁ በኋላ።