ፍሪሆልድ ነው ተብሎ የሚሸጥ አዲስ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

ከለንደን የቤት ዋጋ ሸሽታችሁ ወደ እንግሊዝ ትንንሽ የገበያ ከተሞች ለመውጣት ያሰባችሁ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በተለይ ከከተማው ዳር በተሠራ አዲስ መንደር ውስጥ ቤት እያያችሁ ከሆነ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ከተሞቹን አልወቅስም፤ እወዳቸዋለሁ። ማርኬት ሃርቦሮን ያየ ሰው ያውቀዋል። መሃል ከተማው ላይ በ1614 የተሠራው አሮጌ ትምህርት ቤት በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ድሮ ገበያ ይቆም ነበር። ከዚያ ተነስቶ ለንደን ሴንት ፓንክራስ ለመድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቢግልስዌድና ሴንት ኒዮትስም ለንደን እየተመላለሰ ለሚሠራ ሰው ይመቻሉ። ኑሮው ጸጥ ያለ ነው፤ ልጅ ለማሳደግም ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው የእርሻ መሬት በነበሩት ቦታዎች ላይ በተሠሩት አዳዲስ መንደሮች የሽያጭ ውል ውስጥ ነው።

እኛም የገዛነው እንዲህ ባለ መንደር ውስጥ ነው። የሽያጭ ቢሮው ውስጥ ቁጭ አድርገው “ፍሪሆልድ ነው፤ ቤቱም መሬቱም የራሳችሁ ነው” አሉን። መሬት የመንግሥት ከሆነበት፣ በከተማ ደግሞ በሊዝ ከሚያዝበት አገር ለመጣ ሰው ይህ አነጋገር ልብ ያሞቃል። ዓመታዊ ክፍያ አለው ወይ ብለን ስንጠይቅ “ለሣር ማጨጃ ትንሽ ነገር አለች፣ 160 ፓውንድ” ተባልን። በሦስተኛው ዓመት 390 ፓውንድ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ መጣ። ዝርዝሩን ስናየው ትልቁ ወጪ ሣሩ አይደለም፤ “የአስተዳደር ክፍያ” ነው። ሣሩን ለማጨድ ሳይሆን አጫጁን ለመቅጠርና ደብዳቤ ለመላክ ነው የምንከፍለው። በጣም ያናድዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድሮ ገንቢው መንደሩን ሠርቶ ሲጨርስ መንገዱን፣ መብራቱንና መናፈሻውን ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ይረከበው ነበር። አሁን በብዙ ቦታ ካውንስሉ አይረከብም። የጋራ ቦታው ለግል አስተዳዳሪ ኩባንያ ይሰጥና ወጪው በነዋሪው ላይ ይወድቃል። ለካውንስሉ የምንከፍለው ካውንስል ታክስ ግን አይቀነስም። ገበያው አጠገብ አሮጌ ቤት ያለው ሰው መንገዱን ካውንስሉ ይጠግንለታል። እኛ ያንኑ ታክስ ከፍለን የራሳችንን ሰፈር ደግሞ ለብቻ እንከፍልበታለን።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የብሪታንያው የውድድርና ገበያ ባለሥልጣን፣ ሲኤምኤ፣ በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው ጥናት 11ዱ ትልልቅ ገንቢዎች ከ2021 እስከ 2022 ከሸጧቸው አዳዲስ ቤቶች 80 በመቶው ይህ ክፍያ ያለባቸው መሆኑን ገልጿል። አማካዩ በዓመት 350 ፓውንድ ነው። ድንገት ትልቅ ጥገና ሲመጣ ግን በሺዎች ሊጠየቅ እንደሚችልም ጠቅሷል።

ሰው ሁሉ ሊዝሆልድን፣ ማለትም ቤቱን ለተወሰነ ዘመን ብቻ የመያዝ መብትን፣ ይፈራል፤ ፍሪሆልድ ሲባል እፎይ ይላል። ሊዝሆልድ ያለው ሰው ግን የተጋነነ ክፍያ ሲጠየቅ ትሪቡናል (እንዲህ ያለ ክርክር የሚያይ ፍርድ ሰጪ አካል) ሄዶ የሚከራከርበት መብት በ1985ቱ ሕግ አለው። ፍሪሆልድ ገዝተን የመንደር ክፍያ የተጫነብን ሰዎች ያ መብት አልነበረንም። በ2024 የወጣው የሊዝሆልድና ፍሪሆልድ ማሻሻያ ሕግ ይህን መብት ለእኛም ይሰጣል፤ ነገር ግን ሕጉ ሲጸድቅ ይህ ክፍል ወዲያው ሥራ ላይ አልዋለም። ስለዚህ “ሕጉ ተቀይሯል፣ አትስጉ” የሚላችሁ ሻጭ ካለ፣ የትኛው ክፍል መቼ ሥራ ላይ እንደዋለ በጽሑፍ ይንገራችሁ።

ከሁሉም የከፋው ክፍያው በሬንትቻርጅ መልክ፣ ማለትም ከመሬቱ ጋር ተያይዞ ባለቤቱ ሁሉ የሚከፍለው ዕዳ ሆኖ፣ ውል ውስጥ ሲገባ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በ1925 የወጣው የንብረት ሕግ፣ ውሉ ካልከለከለው በስተቀር፣ ለ40 ቀናት ያልተከፈለ ሬንትቻርጅ ካለ ገንዘብ ጠያቂው በቤቱ ላይ ሊዝ (ቤቱን ለተወሰነ ዘመን ለሌላ የሚሰጥ መብት) እስከ ማቋቋም እንዲሄድ ይፈቅድለታል። ለጥቂት መቶ ፓውንድ ዕዳ ማለት ነው! አንዳንድ ባንኮች ይህን ሲያዩ ሞርጌጅ ለመስጠት ያመነታሉ። ዛሬ የእናንተ ባንክ ዝም ቢል እንኳ ነገ ከእናንተ የሚገዛው ሰው ባንክ ላይፈቅድ ይችላል።

መሸጥም ራሱን የቻለ ወጪ አለው። ብዙ ጊዜ በንብረት መዝገቡ ላይ ገደብ ስለሚቀመጥ፣ የአስተዳዳሪው ኩባንያ ማረጋገጫ ሳይሰጥ ቤቱ ወደ ገዢው ስም አይዞርም። ማረጋገጫውና የመረጃ ጥቅሉ በመቶዎች ፓውንድ ሊያስከፍል ይችላል። ኩባንያው መልስ ሲያዘገይ ገዢው ተሰላችቶ ይሄዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሶሊሲተሩን፣ የግዢውን ሕጋዊ ሥራ የሚሠራላችሁን ጠበቃ፣ ራሳችሁ ምረጡ። ገንቢው “በእኛ ሶሊሲተር ብትሄዱ ወጪውን እንችላለን” ይላል፤ ምንጣፍም ይጨምርላችኋል። ጠበቃው ሁልጊዜ ሥራ የሚመጣለት ከገንቢው ከሆነ፣ ለእናንተ ጠንክሮ ይከራከራል ብዬ አላምንም። ገንቢዎች ብዙ ጊዜ በ28 ቀን ውስጥ ኮንትራት ተለዋወጡ፣ ማለትም ግዢውን በሕግ አስገዳጅ አድርጉት፣ ብለው ያጣድፋሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ከልውውጡ በፊት መውጣት ይቻላል፤ ለሪዘርቬሽን (ቤቱን ለማስያዝ) ከተከፈለው ላይ ሊቀርባችሁ፣ እስከዚያ ለሶሊሲተር ያወጣችሁትም ላይመለስ ይችላል። ከልውውጡ በኋላ ግን ከተዋችሁት ዲፖዚቱን ታጣላችሁ።

ሶሊሲተራችሁ ቲፒ1 የሚባለውን የዝውውር ሰነድ ሲያገኝ፣ ክፍያው ጣሪያ እንዳለው፣ መጠኑን ማን እንደሚወስነው፣ ሬንትቻርጅ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ሬንትቻርጅ ከሆነ ያ የ1925ቱ ሥልጣን በውሉ እንዲወጣ ይጠይቅ። መንገዱን ካውንስሉ ይረከበዋል ከተባለ ሴክሽን 38 የሚባለው የመንገድ ርክክብ ስምምነት ተፈርሞ እንደሆነ፣ ለፍሳሹ ደግሞ የፍሳሽ መስመሩን ለማስረከብ የሚፈረመው ሴክሽን 104 ስምምነት መኖሩን አሳዩኝ በሉ። “ይረከባል” የሚል የሽያጭ ሠራተኛ ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም።

ሪዘርቬሽን ከፍላችሁ ልባችሁ ከተጠራጠረ፣ ገንቢው የኒው ሆምስ ኳሊቲ ኮድ (የአዲስ ቤት ገንቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ) ፈራሚ ከሆነ የ14 ቀን ማሰቢያ ጊዜ አላችሁ፤ በዚያ ውስጥ ከወጣችሁ ገንዘቡ ይመለሳል። ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።

ከመሃል ከተማው በእግር የሚደረስባቸውን የቆዩ ቤቶችም እዩ። ማሞቂያቸው ወጪ ሊጠይቅ ይችላል፤ እርጥበትም አይጠፋም፤ ስለዚህ የቤቱን ይዞታ የሚመረምር ሰርቬየር ግድ ነው። መንገዳቸው ግን ብዙ ጊዜ የካውንስሉ ነው።

አስቀድማችሁ ለገዛችሁ ደግሞ፣ የአስተዳዳሪው ኩባንያ ሒሳብ ካምፓኒስ ሃውስ (የመንግሥት የኩባንያዎች መዝገብ) ላይ በነፃ ይታያል። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ የወጪውን ዝርዝርና ደረሰኞቹን በጽሑፍ ጠይቁ። በአንዳንድ መንደሮች ግንባታው ሲያልቅ ነዋሪዎች የኩባንያው አባላት ይሆናሉ፤ ሰነዳችሁ ይህን የሚል ከሆነ ስብሰባው ላይ ተገኙ፣ ዳይሬክተር ለመሆንም ተወዳደሩ። እኛ መንደር ውስጥ ይህን ጀምረናል፤ የመጀመሪያ ጥያቄያችን የአስተዳደር ክፍያው በጨረታ እንዲሆን ነው።