በአሮጌ ፋብሪካ ውስጥ ያለ «አረንጓዴ ማረፊያ» ከመያዛችሁ በፊት

ወደ ፖላንዷ ከተማ ወደ ዉች ለመጓዝ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ባለፈው የካቲት እኔና ባለቤቴ ከፍራንክፈርት ሄደን ሦስት ሌሊት ባደርንበት ማረፊያ የደረሰብን ነገር እንዳይደርስባችሁ ብዬ ይህን እጽፋለሁ።

ዉች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጨርቃ ጨርቅ ያደገች ከተማ ስለሆነች፣ ከቀይ ጡብ የተሠሩት ፋብሪካዎቿ ዛሬ መኖሪያ፣ ገበያና ማረፊያ ሆነዋል። ከኢዝራኤል ፖዝናንስኪ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንዱ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2009 ሆቴል ሲሆን፣ ለእሳት አደጋ ውኃ ይጠራቀምበት የነበረው ጋን ሳይጣል መዋኛ ገንዳ ተደርጓል። የቆመ ሕንፃን እንደገና መጠቀም አዲስ ጡብና ብረት ለማምረት የሚወጣውን ኃይል ስለሚያተርፍ፣ ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ከአካባቢው ዋጋ በላይ የከፈልነውም ለዚሁ ብለን ነበር።

እኛ የያዝነው ግን በስም ብቻ የታደሰ ነበር። «ለአካባቢ ተስማሚ» የተባለው ክፍል የድሮው የማሽን አዳራሽ በስስ ጂፕሰም ቦርድ ተከፋፍሎ የወጣ ሲሆን፣ መስኮቱም የጥንቱ የብረት ፍሬም ከነነጠላ መስተዋቱ ነው። ጠዋት ስንነሳ ከመስተዋቱ የወረደው እርጥበት ደፉ ላይ ተጠራቅሞ አገኘነው፤ ባለቤቴ ሁለቱን የገላ ፎጣዎች ጠቅልላ ብትወትፍበትም ብርዱ መግባቱን አላቆመም። አቤት ስንል አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አምጥተው ለየሌሊቱ ተጨማሪ ሒሳብ ጠየቁን። ሕንፃው ቅርስ ስለሆነ መስኮቱን መቀየር አይቻልም አሉን፤ ነገር ግን በእንዲህ ያሉ ሕንፃዎች የውጩን ሳይነኩ ከውስጥ ሁለተኛ መስኮት መግጠም የተለመደ ስለሆነ ምክንያቱን አልተቀበልኩትም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት መስኮቱ ድርብ መሆኑን፣ ማሞቂያው በምን ኃይል እንደሚሠራና በዋጋው ውስጥ መካተቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ለአካባቢ ተስማሚ ለሆኑ ምርቶችና አገልግሎቶች የሚሰጠውን የአውሮፓ ኅብረት የአበባ ምልክት ከለጠፉ የፈቃድ ቁጥሩን እንዲሰጧችሁ አድርጉ፤ እኛ ያየነው የቅጠል ምልክት ግን ከየትም ያልተሰጠ ጌጥ ነበር። ማስረጃ የሌለው «አረንጓዴ» የሚል ማስታወቂያን የሚከለክለው የኅብረቱ መመሪያ ተፈጻሚ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። ከሁሉ በላይ «ተመላሽ የማይሆን» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፦ ለኢንተርኔት ግዢ የተፈቀደው የ14 ቀን የመሰረዝ መብት ለተወሰነ ቀን የተያዘ ማረፊያን አይጨምርም።

እኛ አቤቱታችንን፣ ከአገር ውጭ ለሚገዙ የኅብረቱ ነዋሪዎች በነፃ ለሚያገለግለው ለአውሮፓ የሸማቾች ማዕከል አቅርበናል። ያጎደልነው አንድ ነገር ቢኖር ስንከፍል የነበረውን የማረፊያውን ድረ ገጽ ከነቀኑ በስልካችን አለማስቀረታችን ነው፤ የማረፊያው ባለቤቶች «ሙሉ በሙሉ የታደሰ ማሞቂያ» የሚለውን መስመር ከዚያ ወዲህ አጥፍተውታል።