ለእናቴ ሰዓት ሠሪ ምስጋና፣ ባትሪ የምትጨርስ ሰዓት ላላችሁም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰዓት ሠሪን ለማመስገን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይወዱ አልጠራውም። ሥራቸውን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

የእናቴ ሰዓት ትንሽ የሴት ሰዓት ናት፤ በባትሪ የምትሄድ ኳርትዝ። ችግሯ ባትሪ መጨረስ ነበር። አትዘገይም፣ አትቀድምም። ብቻ አዲስ ባትሪ ይገባላትና ብዙም ሳትቆይ ቀጥ ትላለች። የወሰድናቸው ቦታዎች ሁሉ ክዳኗን ከፍተው ባትሪ ይቀይሩና መልሰው ይገጥማሉ። በመጨረሻ «ማሽኑ ይቀየር» ተባልን። ሰዓቷን የሰጣት አባቴ ስለሆነ እናቴ አንድም ነገር እንዲቀየርባት አልፈለገችም።

እኚህ ሰው ከሌሎቹ የተለዩብኝ ሳይለኩ ምንም ባለመንካታቸው ነው። መጀመሪያ ባትሪውን በፕላስቲክ ወረንጦ አወጡት። የብረት ወረንጦ የባትሪውን ሁለት ጫፍ አንድ ላይ ከነካ ያዳክመዋል። ቀጥለው የሞተሩን ጥቅልል ሽቦ በቴስተር ፈተሹ። ሽቦው ከፀጉር የቀጠነ ነው። ካቻቢቴ አንዴ ካዳለጠበት ይበጠሳል፤ ከተበጠሰ ደግሞ ሞተሩ አይዞርም። የእናቴ ደህና ነበር።

ከዚያ ሰዓቷ ከባትሪው የምትስበውን የኤሌክትሪክ ፍሰት (ከረንት) ለኩ። እንዲህ ያለች ትንሽ ማሽን ጤነኛ ስትሆን የምትስበው 1 ማይክሮ አምፔር ገደማ ነው፤ የአንድ አምፔር ሚሊዮንኛ ማለት ነው። የእናቴ ከዚያ በብዙ እጥፍ ትስብ ነበር።

ቀጥሎ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። በጎን ያለችውን ማዞሪያ ስበው ቆጣሪዎቹን አቆሙና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ወዲያው ወረደ። ማዞሪያዋ ስትሳብ ለሞተሩ የሚላከው የኤሌክትሪክ ምት ይቆማል፤ የሚሠራው ሰርኪዩቱ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ብቻ ነው። ቁጥሩ እዚያው ከፍ ብሎ ቢቀር ጥፋቱ የሰርኪዩቱ ነበር። ስለወረደ ግን ጥፋቱ ሞተሩና እሱ የሚያዞራቸው ጥርሶች (ባለጥርስ ጎማዎቹ) ዘንድ ነው አሉኝ። ምንም ሳይፈቱ ግማሹን ጥያቄ መለሱት!

«ታዲያ ለምን አትዘገይም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሥራቸውን አቁመው አስረዱኝ። የሰዓቷ ልክነት የሚመጣው ውስጧ ካለችው ኳርትዝ የምትባል ትንሽ ክሪስታል ነው። ኳርትዟ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ሰርኪዩቱ ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲያካፍለው በሰከንድ አንድ ምት ይቀራል፤ ሞተሩም በዚያች ምት አንድ እርምጃ ይሄዳል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሰርኪዩቶች ደግሞ እርምጃው መሳካቱን ያያሉ። ካልተሳካ ጠንከር ያለ ምት ይደግማሉ። ስለዚህ ጥርሶቹ በወፈረ ዘይት ሲከብዱ ሰዓቷ አንድም እርምጃ አታጎድልም፤ ባትሪው ግን በየሰከንዱ እጥፍ ድርብ ይከፍላል።

ሲፈቱት እንዳሉት ሆነ። አሮጌው ዘይት ተጋግሮ ሙጫ መስሏል። ከሞተሩ መሀል ባለችው ትንሽዬ ማግኔት ላይ ደግሞ በማጉያ መነጽር ብቻ የምትታይ የብረት ብናኝ ተለጥፋለች። ማግኔቷ የብረት ወረንጦ ላይ ስለምትጣበቅ በናስ ወረንጦ ያዟት። ብናኟን ጠርገው አላስለቀቋትም፤ በሚያጣብቅ ለስላሳ ነገር ጫን ጫን እያደረጉ አነሷት። ትንፋሽ ያህል ድምፅ ሳያሰሙ ነበር የሚሠሩት። ጥርሶቹን አጥበው፣ ዘይት በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ በመርፌ ጫፍ ነካ አድርገው ገጠሙ።

እንደተገጠመች አልመለሱልኝም። ሙሉ ባትሪ 1.55 ቮልት ይሰጣል። እሳቸው ግን ወደ 1.3 ቮልት ዝቅ አድርገው አስኬዷት። በዚህ አቅም ሳትቆም ከሄደች ጥርሶቿ ነፃ ናቸው ማለት ነው። ሄደች። ከረንቱም ወደ ጤናው ተመለሰ። የክዳኑን ጎማ በአዲስ ተክተው ዘጉት። እናቴ ሰዓቷን እጇ ላይ ካሰረች በኋላ ስትመርቃቸው መስማት ነበረባችሁ።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ሰዓት በዚህ መንገድ ይድናል አላሉም። ጥቅልሉ ከተበጠሰ ወይም የፈሰሰ ባትሪ ሰርኪዩቱን ከበላው «ማሽኑን መቀየር ይሻላል» ብለው በግልጽ ይነግራሉ። እኔ ያመንኳቸውም ለዚህ ነው። መቀየር የመጀመሪያ መልሳቸው ሳይሆን ከልኬት በኋላ የሚመጣ ነው።

የሰጡንን ምክር ለእናንተም ላካፍል። በብዙ ሰዓቶች የሰከንድ ቆጣሪዋ በሁለት ሁለት ሰከንድ መዝለል ከጀመረች ባትሪው ሊያልቅ ነው። ያለቀ ባትሪ ሰዓቱ ውስጥ አትተዉ፤ ይፈስሳል። ባትሪ ስትገዙ ደግሞ መጠኑ አንድ ቢሆንም ስያሜው በኤስአር የሚጀምረውን ሲልቨር ኦክሳይድ ምረጡ። በኤልአር የሚጀምረው አልካላይን ነው፤ ጉልበቱ እየወረደ ይሄዳል። የሲልቨሩ እስኪያልቅ ድረስ ብዙም አይዋዥቅም።

ቸኩላችሁ ከሆነ እሳቸው ለእናንተ አይሆኑም፤ ሰዓቷን አሳድረው ካላዩ አይመልሱም። የምትወዱት ሰዓት ካላችሁ ግን ዓይናችሁን ሳታሹ ውሰዱላቸው። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ ይህን ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ ባትሪው መቼ እንደተቀየረና የትኛው ዓይነት እንደነበር አስታውሱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።