ሰርጋችሁ «ዲሲ» ከሆነ ይህችን ሴት ሳታናግሩ ትኬት አትቁረጡ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ሰርጋችን አልፏል፣ መልሱም አልፏል፣ እንግዳውም ወደየቤቱ ገብቷል። የጋብቻ ፈቃዳችንን ጣጣ የፈታችልን የአንዲት ሴት ውለታ ግን ከልቤ አልወጣ ብሏል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ ቢሮ አላት። ትርጉም ትሠራለች፣ ፎርም ትሞላለች፣ የወረቀት ጣጣ ግራ ያጋባውን ሰው መንገድ ታሳያለች። ጠበቃ አይደለችም፣ ነኝም አትልም። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣው ስለለመነችኝ አልጽፈውም። ስልኳን ግን ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ይህን ፈቅዳልኛለች።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሲያትል ነው። እናቴ፣ አጎቶቼ፣ የአባቴ ወገኖች በሙሉ ያሉት ደግሞ ዲሲ ነው። ስለዚህ ሰርጉ እዚያ ይሁን ተባለ፣ እኛም ደስ እያለን ተስማማን። አሁን «ዲሲ» ስል እናንተም እንደኔ ገብቷችኋል። እኛ አበሾች ዲሲ ስንል ሜሪላንድም ዲሲ ነው፣ ቨርጂኒያም ዲሲ ነው። ተክሊሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ ድግሱ አሌክሳንድሪያ ያለ አዳራሽ፣ ሁሉም «ዲሲ» ተብሎ ነው የተጠራው። ከሲያትል የመጡት ሚዜዎቼ እንኳ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የተለያዩ ስቴቶች መሆናቸውን ያወቁት ድልድዩን ሲሻገሩ ነው። የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ግን እንደኛ አይጠቀልልም። ሦስቱ ቦታዎች ሦስት የተለያየ ሕግ አላቸው። ይህን ማንም አልነገረንም። ገንዘባችንን የተቀበሉንም አልነገሩንም።

እስቲ ስለነሱ ትንሽ ልተንፍስ። መጀመሪያ የሄድንበት ሰው የምንኖርበት ከተማ ውስጥ ነው። «ወረቀቱን እዚሁ አውጡት፣ አሜሪካ ውስጥ የትም ይሠራል» አለን። በጣም እርግጠኛ ነበር። ሲያትል ካለችበት ከዋሽንግተን ስቴት የሚወጣ የጋብቻ ፈቃድ የሚሠራው እዚያው ስቴት ውስጥ ለሚፈጸም ጋብቻ ብቻ እንደሆነ የሰማነው በኋላ ነው። ብራችንን መልስልን ስንለው ስልክ ማንሳት አቆመ። ሌላው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ «ፈጣን የጋብቻ ፈቃድ» እያለ የሚያስተዋውቅ ነው። ከፈልን። የላከልን ማንም ሰው በነፃ ሊያገኘው የሚችል መረጃ ነበር። ሦስተኛው፣ እሱ እንኳ የኛው ሰው ነው፣ ዲሲ ውስጥ አውጡት አለን። «ዲሲ መጠበቅ የለ፣ ጊዜው አያልፍ፣ ምን ትፈልጋላችሁ?» ያለው እውነት ነው። ዲሲ ፈቃዱን ካመለከቱ በኋላ የሚጠበቅ ቀን የለም፣ ወረቀቱም አይቃጠልም። ግን የዲሲ ፈቃድ የሚሠራው ዲሲ ውስጥ ለሚፈጸም ጋብቻ ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሜሪላንድ ነው! አድራሻውን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀንም። የጠየቀን የክሬዲት ካርድ ቁጥር ነው።

በዚህ ላይ ቀኑን መግፋት አይቻልም። ፍልሰታ እየደረሰ ነበር። ነሐሴ 1 ጾሙ ከገባ ተክሊል የለም። አዳራሹ ተከፍሎበታል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዘመዶች ቪዛ አግኝተዋል፣ እናቴ ጠጁን ጥላለች። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ስልኬ ላይ ሳነብ አድር ነበር። ባነበብኩ ቁጥር የባሰ ይምታታብኛል። ባለቤቴ ደግሞ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ቀን እንቅልፍ ላይ ነው፣ ማንን ላማክር?

ቁጥሯን የሰጠችኝ የአጎቴ ሚስት ናት። «ደውይላት፣ ይቺ ልጅ ሰው ናት» ብቻ ነው ያለችኝ። ደወልኩ። ሁለቴ ሳይጠራ አነሳችው። እኔ ታሪኩን ከአልፋ እስከ ኦሜጋ ልዘረግፍላት ስጀምር በጨዋ ደንብ አቋረጠችኝ።

«የኔ እናት፣ ቆይ። ቃል ኪዳኑ የሚፈጸመው የት ነው?»

«ዲሲ ነው» አልኳት።

«እሱን ተይው። ድግሱ አይደለም፣ ፎቶውም አይደለም። ቄሱ የሚያጋቧችሁ የቱ ቤተ ክርስቲያን ነው? አድራሻውን ላኪልኝ።»

ላክሁላት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደወለች። «ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። የምትሄጂው ሮክቪል ያለው የካውንቲው ፍርድ ቤት ነው፣ ሌላ የትም እንዳትሄጂ» አለችኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ብር፣ ማንም ያላነሳውን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፣ በቃ ነገሩ ተፈታ። ሜሪላንድ ውስጥ ስቴቱ ብቻ ሳይሆን ካውንቲውም፣ ማለትም በስቴቱ ውስጥ ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ ወሳኝ ነው። ጋብቻው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የሚፈጸም ከሆነ ፈቃዱ የሚወጣው ከዚያው ካውንቲ ፍርድ ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ቢሆን ኖሮ ሌላ ፍርድ ቤት ነበር። ተክሊላቸው አልቆ፣ ጨፍረው ገብተው፣ ወረቀቱ የሌላ ቦታ ሆኖ የተገኘባቸው ሙሽሮች እንደገጠሟት ነገረችኝ። ስማቸውን አላነሳችም። ወደ ፍርድ ቤት ተመልሰው እንደ አዲስ ጀምረዋል አለችኝ። እኔም እዚያው ላይ ነበርኩ፣ እግዚአብሔር አወጣኝ።

ከዚያ በኋላ ቀን በቀን መራችኝ። ሜሪላንድ ፈቃዱ መሥራት የሚጀምረው ከተሰጠ በኋላ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ስለዚህ በሰርጉ ዋዜማ ሮጬ የማወጣው ነገር አይደለም። እሷ ረቡዕ ግቢ አለችኝ፣ ረቡዕ ገባሁ። ፈቃዱ ስድስት ወር ይቆያል፣ ቀድሞ ማውጣት ይቻላል። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ያገኘው ከሐሙስ ጀምሮ ስለነበር ሁለታችሁም ካልቀረባችሁ ይሉኛል ብዬ ቀልቤ ተገፎ ነበር። አንዳችን ከቀረብን በቂ ነው አለችኝ። የሱን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታና ቀን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን፣ ከዚህ በፊት አግብቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይዤ ሄድኩ። ክፍያው 55 ዶላር ነበር። ለነዚያ ሰዎች ያፈሰስነውን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

የንስሐ አባቴ ከሲያትል መምጣታቸውም አሳስቦኝ ነበር። ቨርጂኒያ ቢሆን ቄሱ መጀመሪያ እዚያው ፍርድ ቤት ፈቃድ ማውጣት ነበረባቸው፣ ዲሲም ምዝገባ ይጠይቃል። ሜሪላንድ ግን እንደዚያ ያለ ምዝገባ የለም፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ሥልጣኑን ከሰጠቻቸው ይበቃል። ይህን ሰምቼ አባን ሳበስራቸው «ተመስገን» ብለው ትኬታቸውን ቆረጡ።

አሁን ግን በጣም ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ እናቴ ነው።

እናቴ እዚህ አገር ከመጣች ብዙም አልቆየች። ወደ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ስላት ፊቷ ጠቆረ። «ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ጥሎሽ ተሰጥቶ፣ አሁን ደግሞ የምን ፈቃድ ነው? ማንን ነው የምታስፈቅዱት?» አለች። ሀገር ቤት መጀመሪያ ይደገሳል፣ ወረዳ ሄዶ መመዝገብ ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ግን ወረቀቱ ይቀድማል። ይህን ላስረዳት ሞከርኩ፣ አልሆነም። ዋናው ፍርሃቷ ሌላ መሆኑ የገባኝ ሌሊት አጎቴን ስታዋራው ሰምቼ ነው። ፍርድ ቤት ሄደን የምንጋባ መስሏታል። ከተክሊሉ በፊት በዳኛ ፊት ተፈራርመን ልንመጣ ነው ብላ ነው የምትብሰለሰለው። ለሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጇን በሥርዓቱ፣ በቁርባን ልትድር ስንት ዓመት ጸልያለች።

ይህን ለዚያች ሴት ሳላስበው ተነፈስኩላት። «ስልኩን ስጫቸው» አለችኝ። ስፒከር ላይ አደረግሁት። መጀመሪያ ስለ ጤናዋ ጠየቀቻት፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጠጁ፣ ሀገር ቤት የት እንደሆነች። ረጅም ሰላምታ ነበር፣ ምንም አልቸኮለችም። ከዚያ እንዲህ አለቻት፦

«እማማ፣ ልክ ብለዋል። ወደ እርስዎ ቤት ሽማግሌ ተልኳል። ይሄ ደግሞ ወደ መንግሥት የሚላክ ሽማግሌ ነው። እሱም እንደ እርስዎ ቀድመው እንዲጠይቁት ይፈልጋል። እሺ ካለ በቃ፣ ወደ ቤቱ ይገባል። ልጆቹን የሚያጋቧቸው ቄሱ ናቸው። ወረቀቱ ላይ የሚፈርሙትም ቄሱ ናቸው። ዳኛ የሚባል ሰው በዚህ ሰርግ ውስጥ የለም።»

እናቴ ዝም አለች። ከዚያ «ቄሱ ናቸው የሚፈርሙት?» ብላ ደግማ ጠየቀች። «አዎ እማማ፣ በእጃቸው» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አድርጋ እንባዋን ጠረገች፣ ከዚያ ሳቀች። ረቡዕ ጠዋት እኔን ቀድማ ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር። ሮክቪል ድረስ አብራኝ መጣች። ለዚህ ደግሞ ማንም አልከፈላትም፣ ፎርም መሙላት አይደለም፣ ትርጉም አይደለም። የእናቴን ልብ አሳረፈችልኝ። ከሁሉም በላይ አንጀቴን ያራሰው ይሄ ነው።

ከፍርድ ቤቱ በፊት ቢሮዋ ጎራ ብለን ነበር። የያዝኩትን መረጃ አየችው። ከመሳቢያዋ አንድ ላስቲክ ማስመሪያ አወጣችና ከስሙ ሥር አደረገችው። የባለቤቴን መንጃ ፈቃድ ፎቶ ጎኑ አድርጋ ፊደል በፊደል አስነበበችኝ። የመጀመሪያው ሰውዬ በሞላው ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ብሎ ያስገባው የአባቱን ስም ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ግን የአያቱ ነው። «ሁሉም ነገር መታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን» አለችና አስተካከለችው። ነገ ግሪን ካርድ፣ ኢንሹራንስ፣ የስም ለውጥ ሲመጣ ይቺ ነገር ስንት በር እንደምታስዘጋ ነገረችኝ። ዝርዝሩ አልገባኝም። ማስመሪያዋን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ስታወርድ ግን እጇ አልቸኮለም፣ ውጭ ሌሎች ሰዎች ተቀምጠው እየጠበቋት እንኳ።

መስኮቱ ላይ ያገኘናት የፍርድ ቤቱ ሠራተኛም በጣም ትሁት ነበረች፣ እሷንም እግዚአብሔር ይስጣት። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ስለቀረበላት ብዙ አልቆየንም። እናቴ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከዳዊቷ ጋር አስቀመጠችው። እስከ እሁድ ድረስ ለማንም አልሰጠችም።

ሒሳብ ስጠይቃት የነገረችኝ ዋጋ እነዚያ ሰዎች ከወሰዱት ጋር አይወዳደርም። ለእናቴ ያጠፋችውን ሰዓት ጨምሪበት አልኳት። «እሱ ለሰርግሽ ይሁን» አለችኝ። በግድ ልጨምርላት ስል ተቆጣች። ሰርጉ ላይ እንድትመጣ ጠርተናት መጥታ፣ እናቴ ከዘመድ ጋር አስቀምጣ አብልታታለች።

በዚህ አበቃ ስል ሰርጉ ካለፈ በኋላ ማክሰኞ ስልኬ ጠራ። እሷ ናት። «ቄሱ ወረቀቱን መለሱ?» አለችኝ። ያጋባው ሰው ፈርሞ በአምስት ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ መመለስ አለበት። አባ ሲያትል ሊመለሱ ሻንጣቸውን እየዘጉ ነበር። ያኔውኑ ተላከ። ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የተክሊል ምስክር ወረቀት ለኛ የከበረ ነው፣ መሥሪያ ቤት ግን የሚጠይቀው ከፍርድ ቤቱ የሚወጣውን የተረጋገጠ ቅጂ ነው። እሱንም ከየት እንደማወጣው አሳየችኝ። ሥራዋን ጨርሳ፣ ሒሳቧን ተቀብላ፣ ከዚያ በኋላ ማን እንዲህ ይደውላል?

እባካችሁ፣ ከሌላ ስቴት መጥታችሁ ዲሲ አካባቢ ልትጋቡ ያሰባችሁ፣ ወይም ልጃችሁን ልትድሩ ያሰባችሁ፣ አዳራሽ ሳትይዙ፣ ትኬት ሳትቆርጡ ለሷ ደውሉላት። እንደኛ ገንዘባችሁን ለማንም አትበትኑ። ስትደውሉ የቤተ ክርስቲያኑን አድራሻ እጃችሁ ላይ ያዙ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ጥር ላይ ሰርግ ያላችሁም ከአሁኑ አናግሯት፣ ያኔ ሰው ይበዛባታል። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናትና አባት ካሏችሁ ደግሞ ስልኩን ስጧቸው፣ አትፍሩ፣ እሷ ታውቅበታለች።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ እናቴ ሰላም ብላሻለች። ለጥምቀት ቡና ጠርታሻለች፣ እቀራለሁ እንዳትያት። ቁጥሯን የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።