ጅቡቲ ወይስ ሞምባሳ?

ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ሰው ባሕር ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጅቡቲ ነው። የከባድ መኪና ሹፌሮቻችን የሚሌን መንገድ እንደ ቤታቸው ደጃፍ ያውቁታል። ቅርብ ነው፣ ግን ርካሽ አይደለም። አልጋውም ምግቡም ኪስ ያራቁታል፤ በክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የደሴን ብርድ የለመደ ሰው ቀኑን ከቬንትሌተር ሥር ይውላል።

ሞምባሳ ሩቅ ናት፤ ለብቻዬ ብሄድ ግን እሷን እመርጣለሁ። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፤ ከናይሮቢ ባቡር አለ። ጠዋት በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች ማሃምሪ በሻይ (የእኛው ቦምቦሊኖ ዘመድ ነው)፣ ቀጥሎ ፖርቱጋሎች በ1593 እ.ኤ.አ. መገንባት የጀመሩት ምሽግ፣ ፎርት ጂሰስ። ከሰዓት የሊኮኒ ጀልባ፤ በእግሩ ለሚሻገር በነጻ ነው። ማዶ ማታቱ (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ) ይዞ ወደ ዲያኒ ነጭ አሸዋ መውረድ፣ ጫማ አውልቆ መቀመጥ።